የጋሼ ፊት

ወንድሜን አገር ምድሩ ባለቁልፉ ነው የሚለው። ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው «አንተ ባለቁልፍ!» ነው የምትለው። የሚሠራው የፀሐይ ኃይል ፓነልና ባትሪ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። የውጭ በሩ፣ የውስጥ በሩ፣ የባትሪ ክፍሉ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሳይቀር ቁልፍ ሁሉ ወገቡ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ፤ የቀበቶ ማስገቢያውን በድርብ ጨርቅ ካልሰፋሁት በስተቀር ቁልፉ እየጎተተ ይቦጭቀዋል። «እዚያው ሥራ ቦታህ አስቀምጠው» ስለው፣ «እትዬ፣ ከወገብ የወረደ ቁልፍ የሰው ነው» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ሌባ ተብሎ እስር ቤት ሊገባ የነበረው።

እኔ ራሴ ሰው አላምንም፤ አልደብቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ። «ከስቻለሁ፣ ጠበብ አድርጊው» የሚለኝን ሁሉ ሜትር ሳላዞርበት አልቀበልም፤ እስካሁን እውነቱን የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ነው እናታችን ያሳደገችን። ወንድሜም ቢሆን በዕቃ ቀልድ አያውቅም። ካርቶን ሲመጣለት ያነሳዋል፣ ይወዘውዘዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋበታል፣ ማሸጊያውን በጥፍሩ ይዳስሳል። ሾፌሮቹ «ይሄ ሰውዬ ባትሪ ነው የሚረከበው ወይስ ሚስት ነው የሚመርጠው?» እያሉ ይስቁበታል። በዚህ ዓለም ላይ ሳይወዘውዝ የሚቀበለው ነገር ቢኖር የጋሼ ቃል ብቻ ነበር።

ጋሼ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው። ወንድሜ እዚያ ቤት የገባው በጫኝና አውራጅነት ነው፤ ከወዛደሮቹ መሃል መርጠው ቁልፉን ያስያዙት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ዓይንህ ንጹሕ ነው» አሉት። ይቺን ቃል ስንቴ እንደነገረኝ! ከዚያ የሆነ ሰው ፊርማቸውን አስመስሎ ዕቃ አስወጣባቸውና ጋሼ ነደዱ። ለቤቱም ሕግ አወጡ፦ «ከእንግዲህ ወረቀት አላምንም። ፊርማ ይሰረቃል፣ ፊት አይሰረቅም። የትም ብሆን በቪዲዮ እደውልልሃለሁ፤ ፊቴን ሳታይ አንዲት ካርቶን እንዳታወጣ። ፊቴን ካየህ ግን አውጣ፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል።» ወዛደሮቹ ሁሉ ያውቁታል። ጭነት ሲዘገይ «የጋሼ ፊት ዛሬ አልወጣም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እኔ ይሄ ነገር ያኔውኑ አልጣመኝም። «አንተ ሰው፣ ነገ አላልኩም ቢሉህስ?» አልኩት። እንደ ተሳደብኩ ነው ያየኝ። «ጋሼ? ጋሼ አላልኩም ሊሉ?» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ለሰባት ቀን አኮረፈኝ፤ የሚያኮርፈኝ ለሌላ ሰው ብሎ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ደግሞ የእኚህ ሰውዬ ፊት የሌለበት ቦታ አልነበረም። ማስታወቂያቸውን የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ስልካችሁን ስትከፍቱ ጋሼ ባትሪ አቅፈው፣ ጣሪያ ላይ ቆመው፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ «እኔን ይመኑ፣ ጨለማን ይሰናበቱ!» ይላሉ። ሲስቁም፣ ሲቆጡም፣ ጆሯቸውን ሲያኩም ያላየ ሰው የለም። ገበያ የሚስቡ መስሏቸው ነው እንጂ፣ ፊታቸውንና ድምፃቸውን ለሌባ በነፃ ሲያድሉ መክረማቸውን ማን ጠረጠረ? እኔም አልጠረጠርኩም፤ እንግዲህ ምን ይባላል።

ጉዱ የመጣው ጋሼ ዕቃ ሊገዙ ባሕር ማዶ በሄዱበት ሰሞን ነው። ወንድሜ ከምሳ ተመልሶ የመጋዘኑን በር ሲከፍት ስልኩ ጠራ። ቁጥሩን አያውቀውም። አነሳው፤ ጋሼ ናቸው። «ስልኬ ውሃ ገባበት፣ በሰው ስልክ ነው የምደውለው» አሉት። ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሚሄድ ባትሪ አለ፣ መኪናው በር ላይ ደርሷል፣ ጫንለት አሉት። ወንድሜም እንደ ወጉ «ወረቀቱስ ጋሼ?» አለ። «ፊቴን አየህ አይደል? በቃ አውጣ፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» አሉት። አወጣ። ወዛደሮቹ ጫኑ፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ መኪናው ሄደ። በማግስቱ እውነተኛው ጋሼ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲደውሉ «የሆስፒታሉን ባትሪ በሰላም ሸኘሁት» አላቸው። «የምን ሆስፒታል?» አሉ። መኪናውንም፣ ሾፌሩንም፣ ባትሪውንም ውሃ በላቸው። ታርጋው ሲጣራ የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማንን ነው ብትሉኝ፣ ወንድሜን። አፌ ቁርጥ ይበል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ሌባው «ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» የምትለዋን ቃል ከየት አመጣት? የውስጥ ሰው አለበት ብዬ አሰብኩ። እና ልጠይቃቸው መስዬ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳልኝ ስትገባ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሶፋው አዲስ ነው! «ይሄ ሶፋ መቼ ነው የተገዛው?» አልኳት ስትመለስ፣ ድምፄን ለስለስ አድርጌ። ሴትየዋ ዓይኗን አፈጠጠች። «እትዬ፣ ደህና ነሽ? ልባሱን የሰፋሽው አንቺ ነሽ እኮ!» እውነቷን ነው፤ ራሴ ልባስ የሰፋሁለት አሮጌው ሶፋ ነው።

ወንድሜ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከሥራ ታግዶ ቁልፉን ተቀብለውታል። በየደቂቃው እጁ ወደ ወገቡ ይሄዳል፣ ያጣዋል፣ ይመለሳል። «እትዬ፣ ጆሯቸውን ሲያኩ አይቻለሁ እኮ» ይላል። ደግሞ «ድምፃቸው ነው» ይላል። አንጀቴን በላው። ያን ቀን ጥርጣሬዬን ከእሱ ላይ አንስቼ ሌላ ቦታ ማስቀመጫ መፈለግ ጀመርኩ።

ቦታ አላጣሁለትም። ዘበኛውን ጠየቅሁት፣ «እኔ በር መክፈት እንጂ ሌላ አላውቅም» አለ። ምክትሉንና ወዛደሮቹን ጠየቅኋቸው፤ ትናንት «የጋሼ ፊት» እያሉ ሲቀልዱ የነበሩት ሰዎች አሁን አላየንም አልሰማንም ሆኑ። እንጀራቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም፤ ግን አንዳቸውም ዓይኔን አላዩትም። ድርጅቱም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ በየጥጉ ካሜራ ሰቀለ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የጋሼ ዝምታ ነው። ከሄዱበት ተመልሰው አንድ ቀን እንኳ ለወንድሜ አልደወሉለትም። በየሰዓቱ ፊታቸውን ሲያሳዩት የኖሩ ሰው!

ጠበቃ የሆነች ደንበኛ አለችኝ። ቀሚሷን ልለካላት መጥታ፣ አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ ታሪኩን ነገርኳት።

«ዲፕፌክ ይባላል» አለችኝ። «የሰውን ፊትና ድምፅ ወስዶ፣ ያላለውን ሲል የሚያሳይ ሥራ ነው። ቀጥታ ጥሪ ላይ ሳይቀር ይሠሩታል። አሁን አዲስ ሕግ ወጥቶለታል።»

«ታዲያ ሕጉ ወንድሜን ያድነዋላ!»

«እንደ ሁኔታው ነው። ሠሪው ከተያዘ ሠሪው ይቀጣል። ካልተያዘ፣ ሕጉ የድርጅቱን አሠራር ነው የሚጠይቀው። ድርጅቱ በምስልና በድምፅ ብቻ ዕቃ ይውጣ ብሎ ከፈቀደ ጥፋቱ የድርጅቱ ነው፣ ኢንሹራንሱም አይከፍለውም። ነገር ግን ድርጅቱ ‹በምታውቀው ቁጥር መልሰህ ደውለህ አረጋግጥ› ብሎ አዝዞ ሠራተኛው ካልሰማ፣ ቸልተኛው ሠራተኛው ነው። ይታሰራል፤ ኢንሹራንሱም ለድርጅቱ ይከፍላል።»

«መልሰህ ደውል ያለው ሰው የለም!»

«የለም ማለት ያለባቸው ሰውዬው ናቸዋ። እውነቱን ከተናገሩ ኪሳራው በእሳቸው ላይ ነው የሚወድቀው። ከዋሹ ደግሞ ወንድምሽ ላይ።» ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ምንም ዓይነት ወረቀት አምጥተው ፈርም ቢሉት እንዳይፈርም። ቸልተኛ ነበርኩ ብሎ ከፈረመ አለቀለት።»

ሳላስበው መርፌውን ጎኗ ላይ ሰካሁት። ጮኸች። እኔም አብሬ ጮህኩ።

ምስክር ከየት ይምጣ እያልኩ ስብሰለሰል አንድ ቪዲዮ ትዝ አለኝ። የወንድሜ ሚስት ልትወልድ እናቷ ዘንድ በሄደችበት ጊዜ ወንድሜ ታሞ እኔ ቤት ተኝቶ ነበር። ትኩሳቱ እንደ ምጣድ እያቃጠለው እንኳ ስልክ አይዘጋም። ጋሼ በቪዲዮ ሲደውሉለት ብድግ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ተናድጄ፣ «ባልሽን እይው፣ ተኛ ቢሉት አልተኛ አለ» ብዬ ለሚስቱ ልልክላት ቀረጽኩት። እዚያ ላይ የጋሼ ፊት ስልኩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። «ፊቴን አየህ አይደል? ምክትልህን አውጣ በለው፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል» ሲሉ ይሰማል። ከእኔ ስልክ ጠፍቷል፤ ሚስቱ ግን አላጠፋችውም ነበርና መልሳ ላከችልኝ። ሳገኘው ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ ቢሮዋ የጠራችን ቀን ያቺ ጠበቃ ደንበኛዬ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ስለነበራት እኔና ወንድሜ ብቻ ሄድን። መርማሪዋ ቁጥብ ሴት ናት፤ ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የምትሰማው። ጋሼ ከጠበቃቸው ጋር ማዶ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነስቶ አጎነበሰ። እሳቸው መስኮቱን አዩ።

«የቤቱ አሠራር ምን ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ፊቴን ካየህ በኋላ ስልኩን ዝጋና በራሴ ቁጥር መልሰህ ደውል እለው ነበር» አሉ ጋሼ። «ሁልጊዜ።»

ደሜ ፈላ። ወንድሜን ብጎሽመው እሱ ግራ ገብቶት ጋሼን ነው የሚያየው፤ የረሳው ነገር ካለ የሚያስታውስ ይመስል። ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጌ አስቀመጥኩት። «ይሄንን ይዩልኝ!» አልኩ። መርማሪዋ አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ወደ ጋሼ አዞረችላቸው።

ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ጠበቃቸውን ዞር ብለው አዩ፣ ጠበቃው ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አሉ።

መሰንበት ደጉ! ሰው የገዛ ፊቱን ሲክድ ለማየት በቃሁ። መርማሪዋ የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠራች። ልጁ መጥቶ ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ብዙ ከቆየ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ጥራቱ ወርዷል፤ እውነተኛ ነውም ሐሰተኛ ነውም ብዬ መማል አልችልም አለ። ጠበቃው ይሄን ሲጠብቅ የነበረ ነው። «ደንበኛዬ በሐሰተኛ ፊታቸው የተዘረፉ ሰው ናቸው» አለ። «አሁን ደግሞ ሌላ የእሳቸው ፊት መጣ፤ ያውም የተጠርጣሪው እህት ያመጣችው። ማንን እንመን?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዚፕ ሲበላሽብኝ ሰው የምጠራ ሴትዮ ጋሼን ልሠራ?» አልኩት። መርማሪዋ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። በእውነት ዝም የሚያስብል ነገር አልነበረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አንዱ ውሸት ለሌላው ውሸት መንገድ ጠርጎለት፣ እውነቱ መሃል ላይ ሆኖ የሚያምነው አጣ።

ጠበቃው ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ነገሩ በሰላም ይለቅ አለ። ወንድሜ መልሶ መደወል ሲገባው ባለመደወሉ ቸልተኛ እንደነበረ ያምናል፤ ጋሼም በእሱ ላይ ያቀረቡትን ክስ ያነሳሉ። ወንድሜ ጆሮ ላይ ተደፍቼ «እንዳትነካው! ጠበቃዋ ያለችንን አትርሳ፣ ከፈረምክ ታስረሃል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በጣቱ ወደ ጠበቃው ገፋው።

ያኔ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ፊት ለፊቱ ሆኑ። «ልጄ» አሉት፣ በዚያ ባትሪ በሚሸጡበት ድምፅ። «ምንም አትሆንም። እኔ አለሁልህ። ይሄ ለኢንሹራንሱ ብቻ ነው።»

«ጋሼ» አለ ወንድሜ፣ «መልሰህ ደውል ብለውኝ ነበር?»

ጋሼ ዓይን ዓይኑን አዩት። «ብዬህ ነበር። ረስተኸው ነው። ፈርም።»

ወንድሜ እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ። አላነበበውም። ካርቶን ያለ ጥፍር ምርመራ የማይቀበል ሰው፣ ወረቀቱን ቀና አድርጎ እንኳ አላየውም። «አንተ የማትረባ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ። ጠበቃው ወረቀቱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ መርማሪዋ ቀደመችውና መዳፏን ጫነችበት።

«ቆይ» አለችው ወንድሜን። «ምን ላይ ነው የፈረምከው?»

«እኔንጃ።»

«መልሰህ ደውል ብለውህ ነበር? አሁን እውነቱን ንገረኝ።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «አላሉኝም» አለ።

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ጋሼ ፈርም አሉኛ» አለ። «ፊታቸውን እያየሁ።»

መርማሪዋ ወደ ጋሼ ዞረች። «ባትሪውም የወጣው እንዲህ ነው፣ አይደል?» አለቻቸው። ጠበቃው ሊናገር ሲል «እርስዎን አልጠየቅሁም» አለችው። ጋሼ የውሃ ብርጭቆውን አነሱ፣ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ደግማ ጠየቀቻቸው። «እንዲህ ነበር» አሉ፣ በማይሰማ ድምፅ። ከፍ አድርገው እንዲናገሩ አዘዘቻቸው። ከፍ አድርገው ተናገሩ። እሷም ወረቀቱን ወደ መዝገቧ አስገብታ፣ የምጽፈው ይሄ ሰው ምን እንደፈረመ ሳይሆን እንዴት እንደፈረመ ነው አለች።

በኋላ እንደሰማነው በወንድሜ ላይ የቀረበው ነገር ተዘጋ። ኪሳራው በድርጅቱ ላይ ወደቀ፣ ኢንሹራንሱም አልከፈለም፤ በሕጉ መሠረት ከእንግዲህ በፊትና በድምፅ ብቻ ዕቃ እንዳያወጡ ታዘዙ። ሌቦቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። የውስጥ ሰው ነበረበት ወይ? እኔ ነበረበት ባይ ነኝ፣ ማንም ይምጣና ያሳምነኝ።

የዚያን ቀን ግን ከቢሮው ስንወጣ ይሄን ሁሉ አናውቅም። እኔ የማውቀው ወንድሜ እጁ ሳይታሰር አጠገቤ መሄዱን ነው። ደረጃውን የወረድኩት እየለፈለፍኩ ነው። መርማሪዋን መረቅሁ፣ ጠበቃውን ረገምኩ፣ «ነጻ ነህ እኮ አንተ!» ብዬ ትከሻውን መታሁት። እሱ መሃል ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ሰው በጎኑ እያለፈ ይወርዳል፣ ይወጣል። ወንድሜ እናታችን ስትሞት እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው ነው፤ እንባው ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር።

«ምን ሆንክ? አለቀ እኮ፣ አለቀ!» አልኩት።

«ያኛው ማሽን ነው እትዬ» አለ። «ማሽን ቢያታልለኝ አልቀየምም። ዛሬ የዋሹኝ ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ነበርኩ። አይቻቸዋለሁ።»

አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።